ለአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲ፦ ስለ ዶራ አኩንዪሊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክብርት የአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲ ዋና ዳይሬክተር
ኪጋሊ

ግልባጭ፦ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ክብርት ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። የአፍሪካ ኅብረት መሥራች ሕግ የሥራ ቋንቋዎቹን ሲዘረዝር ከአረብኛም ከእንግሊዝኛም አስቀድሞ «ቢቻል» ብሎ የአፍሪካን ቋንቋዎች ይጠራል። በእኔ በኩል ተችሏል። ኤጀንሲዎን ያቋቋመው ስምምነትም በፌብሩዋሪ 2019 የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ስለሆነ አስተርጓሚ የሚጠፋ አይመስለኝም። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የማነሣው ታሪክ የናይጄሪያ ነውና።

በሐሰተኛ መድኃኒት ላይ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የናይጄሪያ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት የፕሮፌሰር ዶራ አኩንዪሊ ስም መነሣቱ አይቀርም። ተናጋሪው በጥይት ስለተበሳው የራስ ጥምጥም ይተርካል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ሻይ ይቀርባል። እኔ ቅሬታዬ በዚህ ጭብጨባ ላይ ነው። ሴትዮዋ ደፋር አልነበሩም ማለቴ አይደለም፤ ማን ይክዳል! ድፍረታቸውን ስናወድስ ግን ሥራቸውን ረስተነዋል። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ደግሞ ድፍረት ሊወርስ አይችልም፤ ሥራ ግን ይወርሳል። እርስዎ በሙያም በአገርም ለታሪኩ ከእኔ ይልቅ ይቀርባሉ፤ ሆኖም ደብዳቤው ግልጽ ነውና ስማቸውን ሰምተው የማያውቁ የአገሬ የፋርማሲ ተማሪዎችም እንዲያነቡት ከመነሻው ልጀምር።

ዶራ ንኬም ኤዴሞቢ በጁላይ 1954 በማኩርዲ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ከሚገኘው ከአናምብራ የመጣ የኢግቦ ቤተሰብ ነው። በናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ ንሱካ ፋርማሲ አጥንተው በ1978 ተመረቁ፤ በኢኑጉ ሆስፒታል በፋርማሲስትነት ሠርተው ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሱና በ1985 በኢትኖፋርማኮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ይህ ሙያ ሕዝብ ለመድኃኒትነት የሚጠቀምበትን ዕፅ ወደ ላቦራቶሪ አስገብቶ የሚባልለትን ያህል ይሠራ እንደሆነ የሚፈትሽ ነው። ከለንደን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1991 ያሳተሙት ጥናት የኪጌሊያ ዛፍ የግንድ ቅርፊት ረቂቅ ተዋሕስያንን ይገታ እንደሆነ የመረመረ ነበር። ዛፉ በእኛም ቆላ አገር ይበቅላል፤ ረጅምና ከባድ ፍሬው ከቅርንጫፉ ላይ በገመድ የታሰረ ያህል ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይታያል።

ዝርዝሩን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። እንዲህ ያለ ምርምር የሚሠራ ሰው አንድ ልማድ ያዳብራል፤ ስለ ቅርፊቱ የተባለውን ሁሉ ያከብራል፣ የሚያምነው ግን በላቦራቶሪው ሳህን ላይ ያየውን ብቻ ነው። አኩንዪሊ ይህንኑ ልማድ ከቅርፊቱ ወደ ክኒን ካርቶን አሻገሩት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ሊሆን እንደሚችል በቤታቸው አይተዋል። የስኳር ሕመምተኛ የነበረችው ታናሽ እኅታቸው ቪቪያን በ1988 የሞተችው ሐሰተኛ ኢንሱሊን ወስዳ ነው። ይህን ራሳቸው በየመድረኩ ይናገሩት ነበር። ፋርማሲስት እኅት ያላት፣ መድኃኒቷን ገንዘብ ከፍላ የገዛች ወጣት ከሐሰተኛ ብልቃጥ ካላመለጠች፣ ከገጠር ገበያ የሚገዛው ሰው በምን ያመልጣል?

ወደ ሕዝብ አስተዳደር የገቡት በትንሽ በር ነው። በአናምብራ ግዛት በአናኦቻ የአካባቢ መንግሥት የግብርና ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ፤ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ሙሐማዱ ቡሃሪ ይመሩት በነበረው የፔትሮሊየም ትረስት ፈንድ የደቡብ ምሥራቅ ዞን ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። እዚያ ሳሉ ታመሙና መሥሪያ ቤቱ ለሕክምና ወደ ለንደን ላካቸው። የተሰጣቸው 17,000 ፓውንድ ነበር፤ 5,000ው ለምርመራ፣ 12,000ው ለቀዶ ጥገና። የለንደን ሐኪሞች ቀዶ ጥገና አያስፈልግም አሉ። እርሳቸውም 12,000 ፓውንዱን ይዘው ሄደው ለመሥሪያ ቤታቸው መለሱ። የተረፈ የመንግሥት ገንዘብ መመለስ በማንኛውም አገር ተራ ነገር መሆን ነበረበት። በዚያን ጊዜዋ ናይጄሪያ ግን ወሬው ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ተአምር ነበር። በአፕሪል 2001 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ናፍዳክ፣ ዋና ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ።

ሹመቱን የተቃወሙ ነበሩ። የሐሰተኛ መድኃኒት ንግድ ዋና ዋና ገበያዎች በኢግቦ አካባቢ ስለሚገኙ «የገዛ ወገኖቿን እንዴት ትነካለች?» የሚል ነበር ክርክሩ። ለእኛ አዲስ ያልሆነ ክርክር ነው፤ ሰውን በሥራው ከመመዘን በፊት በዘሩ መመዘን የት አገር ቀረ? መልሱ የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ በማርች 2007 አኩንዪሊ በራሳቸው ግዛት በአናምብራ የሚገኘውን ግዙፉን የኦኒቻ የመድኃኒት ገበያ አዘጉ፤ ሐሰተኛ መድኃኒቱም በጭነት መኪና እየተጫነ ወጣ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ምክንያቱም ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይህ ነው። ናፍዳክ በ1993 በወጣ ድንጋጌ የተቋቋመ፣ ሕግም ሠራተኛም የነበረው፣ ግን የማይፈራ መሥሪያ ቤት ነበር። አኩንዪሊ በመጀመሪያ ቤታቸውን ጠረጉ። ጉቦ የለመዱ ሠራተኞችን አሰናበቱ፤ በፍተሻው ሥራ ላይም ብዙ ሴት ተቆጣጣሪዎችንና ፋርማሲስቶችን አሰለፉ። ቀጥለው ወደ በሮቹ ዞሩ። መድኃኒት በየብስ ድንበር እንዳይገባ ተከለከለ፤ የሚገባው በሁለት የባሕር ወደቦችና በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ሆነ። ይህ ውሳኔ ከጥይቱ ወሬ ይልቅ መነገር የሚገባው ይመስለኛል። መቶ ቀዳዳ ያለውን አጥር መጠበቅ የማይችል መሥሪያ ቤት አራት በር ብቻ አስቀርቶ በአራቱ ላይ ባለሙያ ማቆም ይችላል። ከዚያም በሮቹን ጭራሽ ወደ ምንጩ ወሰዷቸው፤ በሕንድና በቻይና ተንታኞች እንዲቀመጡ ተደርጎ ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ተመርምሮ ማረጋገጫ እንዲይዝ ታዘዘ። አጭበርባሪ ሆነው የተገኙ የውጭ ፋብሪካዎች ወደ ናይጄሪያ እንዳይልኩ ታገዱ።

ሌላው ሕዝቡን ማስተማር ነበር። የሐሰተኛና የእውነተኛ መድኃኒት ልዩነት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተነገረ፤ የተያዘው ሐሰተኛ መድኃኒት በአደባባይ ተቃጠለ፤ ገዢውም የናፍዳክ የምዝገባ ቁጥር መኖሩን ለማየት ዕቃ ማገላበጥ ለመደ። ዳቦ ውስጥ የሚጨመረው ፖታሲየም ብሮሜትና በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ውኃም ከቁጥጥር አልዳኑም፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ንግዱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በዲሴምበር 26 ቀን 2003 ወደ ባለቤታቸው አገር ወደ አጉሉ ሲጓዙ መኪናቸው ላይ ተተኮሰ። ጥይቱ ጥምጥማቸውን በስቶ የራስ ቅላቸውን ቆዳ ገርፎ አለፈ። አዳራሹ የሚያጨበጭበው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ቦታ በጥይት የሞተ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር እንደነበረ ግን በየመድረኩ ሲነገር አልሰማሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በማርች 2004፣ ሌጎስ የሚገኘው የናፍዳክ ላቦራቶሪ በእሳት ጋየ። ወንጀለኞቹ ያስገረሙኝ እዚህ ላይ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ጉልበት ከሴትዮዋ ይልቅ በላቦራቶሪው ውስጥ እንዳለ ከእኛ ቀድመው ገብቷቸው ነበር።

ውጤቱስ? ናፍዳክ በራሱ ጥናት በ2001 ከ40 በመቶ በላይ ይገመት የነበረው የሐሰተኛ መድኃኒት ድርሻ በ2006 ገደማ ወደ 17 በመቶ መውረዱን አስታወቀ። ተፈታኙ ራሱ አራሚ የሆነበት ፈተና ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ እይዘዋለሁ። የማያጠራጥረው ግን የናይጄሪያን መድኃኒት አናስገባም ብለው የነበሩ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች እገዳቸውን ማንሣታቸው ነው፤ ጎረቤት ለወዳጅነት ብሎ መርዝ አይገዛም።

አሁን አዳራሹ የማይወደውን ልናገር። በ2008 መጨረሻ፣ የአኩንዪሊ ሥልጣን ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለሕፃናት ጥርስ ማብቀያ የሚሰጥ አንድ የአገር ውስጥ ሲሮፕ 84 ሕፃናትን ገደለ። ከውጭ በኮንትሮባንድ የገባ አልነበረም፤ በአገሩ ፋብሪካ ተሠርቶ በሕግ የተመዘገበ ነበር። ማሟሚያው ፕሮፒሊን ግላይኮል መሆን ሲገባው ኩላሊት የሚያጠፋው ዳይኢታይሊን ግላይኮል ገብቶበታል፤ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃውን ፈቃድ ከሌለው ነጋዴ ገዝቶ ነበር። ይኸው ኬሚካል በ1990 በዚያችው አገር በፓራሲታሞል ሲሮፕ ውስጥ ገብቶ ከመቶ በላይ ሕፃናትን ጨርሶ ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በአህጉሩ ስመ ጥር በሆነው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዓይን ሥር፣ ያው መርዝ በዚያው መንገድ ተመለሰ። ይህ የአኩንዪሊን ስም የሚያጠፋ አይደለም። የወደቡን በር የሚጠብቅ ዓይን የፋብሪካውን የጓሮ በር ላያይ እንደሚችል ግን ያሳያል፤ እያንዳንዱን በርሜል ፕሮፒሊን ግላይኮል ደግሞ ጀግና ቆሞ አይመረምረውም።

ሕጉም አላገዛቸውም። የሐሰተኛ መድኃኒት ድንጋጌ ቅጣቱን ሲደነግግ ከ500,000 ናይራ የማይበልጥ መቀጮ ወይም ከ5 እስከ 15 ዓመት እስራት ይላል። ሀብታም ነጋዴ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። መቀጮው በወቅቱ ምንዛሪ ጥቂት ሺህ ዶላር ነበር። አኩንዪሊ ይህ ሕግ እንዲጠብቅ ደጋግመው ጮኹ።

ከዚያ ፖለቲካው ሙሉ በሙሉ ወሰዳቸው። በዲሴምበር 2008 ፕሬዚዳንት ኡማሩ ያርአዱዋ የማስታወቂያና ኮሙኒኬሽን ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በ2009 የናይጄሪያን ገጽታ ለማደስ ትልቅ ዘመቻ ከፈቱ፤ መፈክሩ «መልካም ሕዝብ፣ ታላቅ አገር» ነበር። መብራትና ነዳጅ እየተቋረጠበት የሚኖረው ሕዝብ ዘመቻውን ብዙም አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት ናይጄሪያውያንን በወንበዴነት የሚያሳይ አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በአቡጃ ሲኒማ ቤቶች እንዳይታይ ጠየቁ። ለእኔ ይህ የሕይወታቸው አሳዛኝ ምዕራፍ ነው። ለስምንት ዓመት ያህል ሕዝቡን «ውስጡን ሳታረጋግጡ ማሸጊያውን አትመኑ» ሲሉ የኖሩ ሴት አሁን የማሸጊያው ኃላፊ ሆኑ። በናፍዳክ የላቦራቶሪ ውጤት በእጃቸው ነበር፤ በሚኒስቴሩ የቀራቸው መፈክር ብቻ ነው።

ሳይንቲስቷ ግን አልሞቱም ነበር። ያርአዱዋ በኖቬምበር 2009 ታመው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄዱ፤ ሥልጣናቸውንም ለምክትላቸው ሳያስተላልፉ ሳምንታት ወራት ሆኑ። ሚኒስትሮቹ ሁሉም ነገር ደህና ነው እያሉ ቀጠሉ። ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ በትምህርታቸው ኬሚስት፣ ምክትላቸው ጉድላክ ጆናታን በሥነ እንስሳት ዶክተር፣ የማስታወቂያ ሚኒስትሯ የመድኃኒት ሳይንስ ምሁር ነበሩ። እንዲህ ያለ ካቢኔ አንድ ሰው በሥራ ገበታው ላይ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ አቅቶት ተቀምጦ ነበር! በፌብሩዋሪ 2010 መጀመሪያ አኩንዪሊ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ማስታወሻ አቀረቡ፤ ጆናታን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ይሁኑ የሚል። ባልደረቦቻቸው ተቆጡ። የሾሟቸውን ሰው ከዱ ያሉም ነበሩ። በፌብሩዋሪ 9 ግን የአገሪቱ ምክር ቤት ጆናታንን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት አደረገ። ከጥይቱ ታሪክ ይልቅ ይህን ማስታወሻ ለተማሪዎቼ ባነብላቸው እመርጣለሁ። ጥይቱ ሳይታሰብ የደረሰባቸው ነገር ነው፤ ማስታወሻውን ግን ምን እንደሚያስከትል እያወቁ በራሳቸው ፈቃድ ጻፉት።

የቀረው አጭር ነው። በ2010 መጨረሻ ከሚኒስትርነት ለቀው ከአናምብራ ለሴኔት ተወዳደሩ፤ በ2011ዱ ምርጫ ከ500 ባነሰ ድምፅ ልዩነት ለሐኪሙ ክሪስ ንጊጌ ተሸነፉ። በ2014 ስለ አገሪቱ አስተዳደር ለመምከር በተጠራው ብሔራዊ ጉባኤ አባል ሆነው ሲቀርቡ ሰውነታቸው እጅግ ከስቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በጁን 7 በሕንድ አገር በካንሰር ሕክምና ላይ ሳሉ አረፉ። ሐኪም የነበሩት ባለቤታቸው ዶክተር ቺኬ አኩንዪሊ በሴፕቴምበር 2021 በአናምብራ በታጣቂዎች ተገደሉ፤ ለባለቤታቸው መታሰቢያ ከተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት እየተመለሱ ነበር።

ክብርት ሆይ፣ በስማቸው አዳራሽ ይሰየም ብዬ አልለምንዎትም። አዳራሽ ሞልቷል።

የምለምነው ከራሳቸው ሥራ የሚቀዳ ነው። በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ከሕንድ በመጣ የሳል ሲሮፕ ሲሞቱ፣ ያው ዳይኢታይሊን ግላይኮል ነበር። ጋምቢያ ሲሮፑን የምትመረምርበት ላቦራቶሪ አልነበራትም፤ ናሙናው ወደ ሌሎች አገሮች ተላከ። ናይጄሪያ በሕንድ ተንታኝ ማስቀመጥ ትችላለች፤ ጋምቢያ አትችልም፤ ኤጀንሲዎ ግን ስለ ሁሉም ሊያስቀምጥ ይችላል። ከጭነት በፊት የሚደረግ ምርመራን የኅብረቱ የጋራ ሥራ ቢያደርጉት፣ አኩንዪሊ ለአንድ አገር የሠሩት ለትናንሾቹም ይደርሳል። የፕሮፒሊን ግላይኮልና የመሰሎቹ ጥሬ ዕቃዎች ፍተሻ ደግሞ በፋብሪካው ደጃፍ፣ በየበርሜሉ፣ ግዴታ እንዲሆን አባል አገሮችን ይወትውቱ። ምርመራው ውድ የሆነ ምሥጢራዊ ጥበብ አይደለም፤ ዘዴው የታወቀ ነው፣ የጎደለው አስገዳጁ ነው።

ስለ ተቆጣጣሪዎችም አስቡ። ዋና ዳይሬክተሯ ጠባቂ ፖሊስ ነበራቸው፤ ሆኖም ጥይት ጥምጥማቸው ድረስ ደረሰ። በድንበር ኬላ ላይ ብቻዋን ቆማ የጭነት መኪና የምታስቆመው ወጣት ተቆጣጣሪ ማን አላት? ብትጎዳ የሚከፈላት ካሳ፣ ቢዛትባት አቤት የምትልበት በር፣ ሪፖርቷን አለቃዋ መሳቢያ ውስጥ ቢቆልፍባት በቀጥታ ወደ ኪጋሊ የምትልክበት መንገድ ሊኖራት ይገባል። «ወይም» እያሉ ነጋዴውን በመቀጮ የሚያሰናብቱ ሕጎች በየአባል አገሩ እንዲታረሙም የኤጀንሲዎ ቃል ክብደት አለው።

በመጨረሻም አንድ ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። አንድ አገር በወደቡ ላይ የመለሰውን መድኃኒት፣ ከፋብሪካው ስምና ከባች (የምርት ዙር) ቁጥሩ ጋር፣ ሌሎቹ አገሮች በዚያው ሳምንት እንዲያውቁት ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ሌጎስ ላይ የተመለሰ ካርቶን መርከብ ቀይሮ ወደ ሌላ ወደብ ሲሄድ፣ በእኔ ዓይነቱ ትንሽ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ከመድረሱ በፊት ስሙን አንብቤ እንድጠብቀው እፈልጋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በአዲስ አበባ የምሠራ ፋርማሲስት